ጎበዝ ሠራተኛ ሁሉ ጎበዝ አለቃ ይሆናል? የስሜት ብልህነትን በቅጥርና በዕድገት እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

የሰው ሀብት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ መካከለኛ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። የደንበኞች አገልግሎት ቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆኖ ከውስጥ ሁለት ሰዎች ተወዳድረዋል። ሁለቱንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። የአፈጻጸም ውጤቱም ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። ግን ሰው ሲሳሳት ደንበኛ ፊት ይጮሃል። አብረውት አንድ ፈረቃ ላይ የነበሩ ልጆች ተራ በተራ መጥተው «ፈረቃ ቀይሩልን» ብለውናል። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «እንዲሁ ነው» ብለው ዝም ይላሉ።

ሁለተኛዋ በሥራው ዕውቀት መካከለኛ ናት። የተናደደ ደንበኛ ሲመጣ ግን ልጆቹ ዞር ብለው የሚፈልጉት እሷን ነው። አንድ ቀን አንድ አባት «ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል» ብለው ጠረጴዛውን እየደበደቡ ነበር። እሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ያዩት?» ብላ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አብራቸው ማየት ጀመረች። ሰውየው ድምፃቸውን ቀነሱ። ከሄዱ በኋላ ደግሞ ስህተቱን የሠራችውን ልጅ ለብቻዋ ጠርታ የቱ ጋ እንደተሳሳተች አሳየቻት። ማንም ሌላ አልሰማም።

አሁን ባለን መስፈርት ከመቶ 60ው ለጽሑፍ ፈተና ነው፣ ቀሪው ለልምድና ለቃለ መጠይቅ ይከፈላል። በዚህ ከሄድን የመጀመሪያው እንደሚያልፍ ግልጽ ነው። ማኔጅመንቱም «ኃላፊነት ሲይዝ ይስተካከላል» ይላል። እኔ በዚህ አላምንም። ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ ወይም የስሜት ብልህነት የሚባለው ነገር ነጥብ ተሰጥቶት መስፈርቱ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ግን ኮሚቴው «ይሄ የግል አስተያየትሽ ነው» እንዳይለኝ በምን ልለካው? ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።

ላይን ሱፐርቫይዘር፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ያነሳሽው ነገር እኔን በቀጥታ የሚነካኝ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የምርት መስመር ስመራ ቆይቻለሁ። እዚያ በየሰዓቱ ስንት ቁራጭ እንደወጣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲወርድ ከላይ ያለው በእኛ ላይ ይጮሃል፣ እኛ ደግሞ በልጆቹ ላይ እንድንጮህ ይጠበቃል።

ጩኸት ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ኮሌታ ስትሰፋ ታጣምመዋለች። አለቃዋ የሚሳደብ ከሆነ አትናገርም። የተጣመመውን ቁራጭ ከጥቅሉ መሀል ትሸጉጠዋለች። ቀጣይዋ ሠራተኛ እጅጌ ትቀጥልበታለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክልበታለች። መጨረሻ ላይ ጥራት ተቆጣጣሪው ሲያገኘው ሸሚዙ በሙሉ መፈታት አለበት። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብትናገር ኖሮ ሥራው የአንዲት ልጅ ብቻ ነበር። በሁለት መስመር ላይ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ሥልጠና ወስደው፣ አንድ ዓይነት ማሽን ይዘው፣ ውጤታቸው የተለያየ ሲሆን ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ቆሞ የሚመራቸው ሰው ነው።

ልጆቹም ከቤተሰብ ርቀው የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ደመወዝ ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። ማን እንዳለቀሰች፣ ማን የቤት ኪራይ እንዳስጨነቃት የማያይ ሱፐርቫይዘር ጠዋት ሲመጣ ባዶ ወንበር ይቆጥራል። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለሁለተኛዋ ነው።

ኮድ ጸሐፊው

ከሁለታችሁም ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ግማሹን ግን ልቃወም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናታዊ ጽሑፍ አቀረቡት። የራስንና የሌላውን ስሜት መለየት፣ መረዳት፣ ከዚያም ለሐሳብና ለተግባር መጠቀም መቻል ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዳንኤል ጎልማን በሰፊው ለሕዝብ ሲያቀርበው ነገሩ ተለጠጠ። ተነሳሽነቱም፣ ጽናቱም፣ መልካም ጠባዩም ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ። ሁሉንም ነገር የሚይዝ መለኪያ ደግሞ ምንም አይለካም።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም ሥራ እኩል አይጠቅምም። ጆሴፍ እና ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው አይተውታል። ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኙ፣ ስሜትን መግዛት የሚጠይቁ ሥራዎች ላይ የስሜት ብልህነት ከሥራ ውጤት ጋር ይያያዛል። እንዲህ ባልሆኑት ላይ ግን ግንኙነቱ ደካማ ነው። ስለዚህ አንቺ ያነሳሽው የደንበኞች አገልግሎት መሪነት ከሆነ ልክ ነሽ። ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ስትቀጥሪ ግን ይሄን መስፈርት ከላይ አታስቀምጪው።

ሦስተኛ፣ ለሐዋሳው ወንድሜ። ያልከው እውነት ነው፣ ግን ሁሉንም በሱፐርቫይዘር ጠባይ ላይ አንጫን። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። ደመወዙ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር፣ ጤናም ይጎዳል። ለምሳና ለኪራይ የማይበቃ ደመወዝ እየከፈሉ አለቃውን «ርኅሩኅ ሁን» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ላይን ሱፐርቫይዘር፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ ደመወዙን በተመለከተ አንድ ቃል አልጨምርም። ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት እሱን ነው። እኔ የምለው ግን ደመወዙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ መስመር ላይ ሰው የሚቆይበት፣ ሌላው ላይ የማይቆይበት ምክንያት አለ ነው። ደመወዝ እኔ አልወስንም። ስድብ ማቆም ግን በእጄ ነው።

ተስፈኛው

ድርጅታችሁ በጀት ካለው ለምን የኦንላይን ፈተና አትገዙም? ውጤቱን በነጥብ ያወጣል፣ ኮሚቴውም አይከራከርም።

ኮድ ጸሐፊው

እነዚያ ፈተናዎች አብዛኞቹ «በሌሎች ስሜት ውስጥ ራሴን ማስገባት እችላለሁ፣ ከ1 እስከ 5» ዓይነት ናቸው። ዕድገት ፈልጎ የተቀመጠ ሰው 1 ይሞላል? ራሱን የማያውቅ ሰው ደግሞ በቅን ልቦና 5 ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው አለቃ «ግልጽ ሰው ነኝ» ብሎ ነው የሚያስበው።

በካሜራ የሰውን ፊት አንብበው ስሜት እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችም አሉ። ከእነሱ ራቁ። ሃየርቪው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተወዳዳሪዎችን ፊት የሚመዝነውን ክፍል ብዙ ትችት ደርሶበት መተዉን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳውቋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በስተቀር በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት በእንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ መለየትን በሕግ ከልክሏል።

ነርሷ ከሚኒሶታ

እኔ ከሆስፒታል በኩል ልናገር። እዚህ ሆስፒታል ስቀጠር «ታጋሽ ነሽ ወይ?» ያለኝ የለም። «የታካሚ ቤተሰብ የተቆጣብሽን ጊዜ ንገሪን፤ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» ነው የሚሉት። ሲቀጥሉ «ዛሬ ቢሆን ምን ትቀይሪ ነበር?» ይላሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ታወጣለች። አንዳንዱ ሰው ታሪኩ ውስጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ስለ ስህተት መደበቅ ሐዋሳ ያለው ወንድሜ የጻፈው ደግሞ በጥናት የታየ ነገር ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ክፍሎችን ስታጠና ጥሩ መሪ ያላቸው የነርሶች ቡድኖች የመድኃኒት ስህተት ቁጥራቸው ከፍ ብሎ አገኘችው። መጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ውጤት ነበር። በኋላ ሲታይ እነዚያ ነርሶች ከሌሎቹ የበለጠ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ ነው። በሚያስፈራ አለቃ ሥር ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የሰው ሀብቷ እህቴ፣ የመጀመሪያው ተወዳዳሪሽ የአፈጻጸም ውጤቱ ከፍተኛ ነው ብለሻል። በእሱ ፈረቃ ላይ ልጆቹ ስንት ስህተት ሪፖርት እንዳደረጉ ደግሞ እዪ። ዜሮ ከሆነ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከልቤ ያሳስበኛል። ሁለተኛዋን ልጅ ተጠንቀቁላት። አርሊ ሆክሽልድ የምትባል የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ ያሳየችው ነገር አለ። ሰው ፊት እየሳቁ መዋል፣ የራስን ንዴት ውጦ የሌላውን ማብረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚጣለው በሴቶች ላይ ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም። እሷን መሪ አድርጋችሁ ቢሮው ሁሉ ንዴቱን እሷ ላይ የሚያራግፍ ከሆነ በዓመቷ ትለቅላችኋለች። ደመወዝም፣ «አይሆንም» የማለት ሥልጣንም ስጧት።

ሥራ ፈላጊ

ሁላችሁም ስለ አለቃ ነው የምታወሩት። ስለ ቅጥር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ መስፈርት እኔን ሊጥለኝ ይችላል።

ያደግሁት ገጠር ነው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን አታይም፣ ካልተጠየቅህ አትናገርም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ስቀርብ አምስት ሰው ከፊቴ ተደርድሯል። መሬት እያየሁ መለስኩ። የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። በኋላ ውስጥ የሚያውቁት ሰው እንደነገሩኝ «ከሰው ጋር መግባባት ይቸግረዋል» ተብዬ ነው የቀረሁት። ከሰው ጋር መግባባት ሳይቸግረኝ ነው ግቢ ውስጥ የዶርም ተወካይ ሆኜ የውኃና የመብራት ጠብ ሳስታርቅ የኖርኩት። ያንን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ፈገግታ፣ ወሬ ማሳመር፣ እንግሊዝኛ ማንበልበል የስሜት ብልህነት ተብሎ ነጥብ የሚሰጠው ከሆነ የከተማ ልጅና የግል ትምህርት ቤት ልጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ከዚያ ደግሞ «ይሄ ልጅ ደስ ይለኛል» ወደ «ይሄ ልጅ የእኛው ነው» ለመቀየር ጊዜ አይፈጅበትም። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው።

የሰው ሀብት፣ አዲስ አበባ

ሥራ ፈላጊ ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ። ያልከው ነገር ኮሚቴ ውስጥ ሲሆን በዓይኔ ያየሁት ነው። የተወዳዳሪው አቀማመጥ ላይ አምስት ደቂቃ የሚወያይ ኮሚቴ ስለ መልሱ አንድ ደቂቃ አይወያይም።

እስቲ ይህን አስተካክሎ መጠየቅ የሚቻለው እንዴት ነው? ኮድ ጸሐፊው፣ ተቃውመህ ብቻ አትሂድ።

ኮድ ጸሐፊው

አልሄድም። ብዙ የተጠናው ነገር ስለ ቃለ መጠይቅ ዓይነት ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ በተጻፈ የነጥብ መስጫ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚጠየቀው በጣም ይሻላል። ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙትን ጥናቶች እንደገና ሲያሰሉ የወደፊት የሥራ ውጤትን በመተንበይ ከመመዘኛዎች ሁሉ የበላይ የወጣው እሱ ነው፣ ከአእምሮ ችሎታ ፈተና እንኳ በልጦ።

በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ እጠይቃለሁ። «ከሥርህ ያለች ሠራተኛ ለደንበኛ የተሳሳተ ሒሳብ ሰጥታለች። ደንበኛው አንተ ጋ መጥቶ እየጮኸ ነው፣ እሷም አጠገብህ ቆማለች። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ከዚያስ?» ነጥቡን ከቃለ መጠይቁ በፊት ጻፉት። ሠራተኛዋን ደንበኛው ፊት ለሚወቅስ 1። ደንበኛውን አረጋግቶ ችግሩን ለሚፈታ 3። ያንን አድርጎ በኋላ ከሠራተኛዋ ጋር ለብቻ የስህተቱን ምንጭ ለሚፈልግና እንዳይደገም ለሚያደርግ 5። ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ በኋላ ይወያዩ። መሬት እያየም ይመልስ ጣሪያ፣ ነጥቡ የተሰጠው ለመልሱ ነው።

ከተቻለ ደግሞ አሠሩዋቸው። ከሌላ ቅርንጫፍ አንድ ሰው አምጡና የተናደደ ደንበኛ ሆኖ ይምጣባቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ ይቅረብ። ማውራት የሚችልና ማድረግ የሚችል ያኔ ይለያል።

ሌላ ማስረጃ ለማኔጅመንቱ ካስፈለገሽ፣ ጉግልን ጥቀሺላቸው። በኢንጂነሮች የተሞላ ኩባንያ ነው። ጥሩ አለቃ ምን ያደርጋል ብለው የራሳቸውን መረጃ ሲመረምሩ ያገኟቸው 8 ባሕርያት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኑ። ጥሩ አሠልጣኝ መሆን አንደኛ ነበር። የቴክኒክ ችሎታ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ግን የመጨረሻው ነው።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ደግ ተወያይታችኋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ግምገማ የሚባለውን ዘመን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሂስና ግለ ሂስ እየተባለ ሰው በአዳራሽ መሀል ይቆማል፣ ባልደረቦቹ በየተራ ጉድለቱን ይዘረዝራሉ። ከዚያ የወጣ ሰው ተሻሽሎ አያውቅም ማለት ባይቻልም እኔ ያየሁት ብዙው አፉን ዘግቶ፣ ፊርማ ፈርቶ፣ ፋይል እየገፋ ሲኖር ነው። ጉዳይ የያዘ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መወሰን የሚፈራ ሰው «ነገ ይምጡ» ይላል።

በዚያው ዘመን አንድ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩን። አዳራሽ ውስጥ ስለ ሰው ጉድለት አይናገሩም። ቢሯቸው ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ የጻፍከውን ደብዳቤ ከፊትህ አስቀምጠው «ይቺን ዓረፍተ ነገር ባለጉዳዩ ሆነህ አንብባት» ይሉሃል። ቁጣቸው ያስፈራ ነበር፣ ለስላሳ ሰው አልነበሩም። ሰው ግን ጥፋቱን ራሱ ይዞ ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር።

ይህን ያነሳሁት አንድ ነገር እንዳትስቱ ነው። ዝም ባይ፣ እሺ ባይ፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ጥሩ መሪ አይደለም። እኛ አገር «ጨዋ ነው» ተብሎ የተሾመ፣ ሌባውንም ሰነፉንም አቅፎ የኖረ ኃላፊ ሞልቷል። ልጄ፣ ሁለተኛዋን ተወዳዳሪሽን ደንበኛ ስታረጋጋ ብቻ አትመዝኛት። የሚያረፍድ ጓደኛዋን «አረፈድክ» ማለት ትችላለች? ለአለቃዋስ «ይሄ ልክ አይደለም» ትላለች? ይህንንም ጠይቂያት።

ነርሷ ከሚኒሶታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺን እኔ ረስቻት ነበር። እዚህም ጥሩ የምንላት ቻርጅ ነርስ፣ ማለትም የፈረቃው ነርሶች ኃላፊ፣ ዶክተሩ የተሳሳተ መጠን ሲያዝ በትሕትና የምታስቆመዋ ናት።

የሰው ሀብት፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ በእውነት አመሰግናለሁ። የልጅቷን ጥንካሬ ያየሁት ከደንበኛ ጋር ብቻ ነው። ከእኩዮቿ ጋር እንዴት እንደሆነች የማውቀው ትንሽ ነው።

እስካሁን የያዝኩት ሐሳብ ይሄ ነው። ጽሑፍ ፈተናውን ወደ ማለፊያና መውደቂያ እቀይረዋለሁ። ሥራውን በቂ የሚያውቅ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ውጤቱን አይወስንም። ቃለ መጠይቁ በተጻፉ ጥያቄዎች ይሆናል፤ አንዱ ስለ ደንበኛ፣ አንዱ የሚያረፍድ ባልደረባን ስለ ማረም፣ አንዱ ከአለቃ ጋር ስለ አለመስማማት። የተናደደ ደንበኛውንም እናስገባለን። ከዚያ ያለፈው ሰው በተጠባባቂነት ይጀምርና አብረው የሚሠሩት ልጆች ስም ሳይጽፉ አስተያየት ይሰጣሉ።

ከውጭ ለምንቀጥራቸው ደግሞ በሥራ ቦታ ማየት ይሻለናል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። እኛ ጋ ግን ያ ጊዜ ሲያልቅ ቅጽ ሞልቶ መፈረም ብቻ ነው የሚደረገው። በመሀሉ አብሯቸው ቁጭ ብሎ «እንዴት ነህ፣ የቱ ጋ ተቸገርክ?» የሚል የለም። እሱን አስገባለሁ።

የቀረኝ ጭንቀት ስለ መጀመሪያው ልጅ ነው። ባያልፍ ድርጅቱን ጥሎ ይሄዳል። እንዲሄድ አንፈልግም።

ኮድ ጸሐፊው

ዋናው ችግር እዚያ ጋ ነው። እኛ አገር ደመወዝ የሚጨምረው አለቃ ስትሆን ነው። ጎበዝ ባለሙያ ሌላ መንገድ የለውም። መምራት ስለፈለገ ሳይሆን ቤት ያሉ ልጆቹን ከፍሎ ማስተማር ስላለበት ይወዳደራል። ሰው መምራት የማይወድ ሰው ሰው እንዲመራ ተገድዶ ሲጮህ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ከፍተኛ ባለሙያ የሚል ደረጃ አውጡለት። ከቡድን መሪ እኩል ደመወዝ፣ ሲስተሙን የመጠበቅና አዲስ ችግር የመፍታት ኃላፊነት ይኑረው፣ በሥሩ ሰው አይኑር። ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት የደመወዝ ስኬሉ ላይ ይጽደቅ። በኋላ ከመጣ ማባበያ ይመስለዋል።

ላይን ሱፐርቫይዘር፣ ሐዋሳ

ይሄን እኛ ጋ ቢያደርጉት ስንት ጎበዝ መካኒክ በተረፈ! ሁሉም ሱፐርቫይዘር ሆነው ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ጡረተኛው

ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዳያነበው ብቻ አደራ። ያላለፈውን አስቀድመሽ ለብቻው ጥሪው። ጩኸቱንም ያኔ በስሙ ጥቀሽለት፣ መቼና ማን ላይ እንደጮኸ ጨምረሽ። ልጆቹ «እንዲሁ ነው» ብለው ሲሸሹ ማንም በግልጽ ነግሮት እንደማያውቅ እገምታለሁ።

የሰው ሀብት፣ አዲስ አበባ

እውነት ነው ጋሼ፣ ማንም አልነገረውም። ውጤቱን አልጠብቅም፣ ነገ ጠዋት አነጋግረዋለሁ። የደመወዝ ስኬሉን ሐሳብ ለማኔጅመንት አቀርባለሁ። የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎቹንና የነጥብ መስጫውን ጽፌ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ሥራ ፈላጊ ወንድሜ፣ አንተን በተለይ እጠብቅሃለሁ፤ የገጠር ልጅን የሚጥል ጥያቄ ካለበት አውጣልኝ።